ባሕር ማዶ ተቀምጦ አዲስ አበባ ቤት ለሚገዛ፦ ደላላ እንዴት ይመረጣል?

ደላላው «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቤቱን በቪዲዮ አሳይሃለሁ» ሲለኝ ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ወሩ ሐምሌ ነበር። አዲስ አበባ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እኔ ያለሁበት ሜሪላንድ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ምን ይደረግ፣ አላርም ሞልቼ ተነሳሁ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ባለ ሁለት መኝታ። ቀለሙ አዲስ፣ ሴራሚኩ ያበራል፣ ቧንቧው ሲከፈት ውሃው ይንዠቀዠቃል።

በሳምንቱ የአክስቴን ልጅ ላኩት። በቪዲዮ ያየሁት ቤት አንደኛ ፎቅ ነው። የሚሸጠው ግን ሌላ ብሎክ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ ከጠፋ ሦስት ቀኑ። ደላላውን ስጠይቀው ምንም አልደነገጠም። «ዲዛይኑኮ አንድ ነው» አለኝ።

ከሩቅ ስትገዙ ዓይናችሁም እግራችሁም ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ቤት ከመምረጥ በፊት ሰው መምረጥ ይቀድማል። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሁለት ቤት ገዝቼ አከራይቻለሁ። የሄድኩበትን መንገድ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። የማወራው ተሠርቶ ያለቀ ቤት ገዝቶ ለማከራየት ለሚያስብ ሰው ነው። ገና ጉድጓድ ላይ ያለ አፓርታማ በቅድመ ክፍያ መግዛት የራሱ ጣጣ አለው፤ ዛሬ አልነካውም።

1. ከመደወላችሁ በፊት ለራሳችሁ መልሱ

«አንድ ጥሩ ቤት ፈልግልኝ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ደላላው የሚያመጣላችሁ ለሱ ጥሩ የሆነውን ነው። ሰፈር፣ የመኝታ ብዛት፣ የመጨረሻ ዋጋ፣ ስንት ብር እንዲከራይላችሁ እንደምትፈልጉ፣ እነዚህን በወረቀት ጻፉ። የመጨረሻውን ዋጋ ግን ለደላላ አትንገሩ። 7 ሚሊዮን ካላችሁ፣ በአንድ ሌሊት የሰፈሩ ቤት ሁሉ 7 ሚሊዮን ይሆናል።

ሌላው ጥያቄ በማን ስም እንደምትገዙ ነው። የውጭ ፓስፖርት ያላችሁ ከሆነ ቢጫ ካርዳችሁን፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን፣ ቀድማችሁ አስተካክሉ። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ይህን መታወቂያ ለያዘ ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የመሆን መብት ሰጥቷል። «ችግር የለም፣ ለጊዜው በእኔ ስም እናድርገው» የሚል ሰው ከመጣ፣ ዘመድም ይሁን ደላላ፣ ቡና ጠጥታችሁ ተለያዩ።

2. ስም መሰብሰብ

ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የቤት ማስታወቂያ ሞልቷል። እኔም አያለሁ፣ ዋጋ ለመገመት ይረዳል። ሰው የምመርጠው ግን ከዚያ አይደለም። አንዱ ቤት በአምስት ሰው ገጽ ላይ፣ በአምስት ዋጋ ይወጣል። ፎቶው የሦስት ዓመት ሲሆንም አጋጥሞኛል።

ቤት የገዛ ሰው ፈልጉ። ያውም ባለፈው ወር የገዛውን ሳይሆን ሁለት ዓመት ያለፈውን። ባለፈው ወር የገዛ ሰው ገና ሞቅታ ላይ ነው፣ ሁሉን ያመሰግናል። ሁለት ዓመት ያለፈው ግን ስም ሲያዞር (ቤቱን በራሱ ስም ሲያስመዘግብ) ያየውን፣ የመጀመሪያው ተከራይ ሲወጣ የሆነውን፣ ደላላው ኮሚሽኑን ከወሰደ በኋላ ስልክ ያነሳ እንደሆነ ይነግራችኋል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው አጭር ናት፦ «ስም ዞሮልሃል?»

ከዚያ የሰፈሩን ሰው ፈልጉ። ጀሞን የሚያውቅ ጀሞ ውስጥ የሚውል ደላላ፣ ከተማውን ሁሉ እሸጣለሁ ከሚል ይሻላል። የዲያስፖራ ስልክ ሲደወል ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ቦሌ ያለው ደላላ አያት ሰፈር ላለው ይደውላል፣ አያት ሰፈር ያለው ለአንድ ሌላ ልጅ ይደውላል፣ ልጁ ለግቢው ጥበቃ ይደውላል። ባለቤቱን የሚያውቀው ጥበቃው ነው። በመሀል ያሉት ሁሉ ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ሳታፍሩ ጠይቁ፦ «የባለቤቱን ስልክ አንተ ራስህ ይዘሃል? ወይስ ሌላ ሰው ያገናኝሃል?»

ስለ ዘመድ አንድ ነገር ልበል፤ ይሄ የብዙዎቻችን ቁስል ነው። ለአክስት ልጅ ሥራውን መስጠት ቀላል ይመስላል። ግን «ቤቱን ሳታይ ነው እንዴ አየሁ ያልከኝ?» ብላችሁ ልትቆጡት አትችሉም። ብትቆጡ በሚቀጥለው ለቅሶ ላይ ስማችሁ ይነሳል። ዘመድን አይን አድርጉት፣ ሄዶ ይይ፣ የታክሲና የምሳውን ስጡት። ድለላውን ግን ድርድር ለለመደ ሰው ተዉለት።

አምስት ወይም ስድስት ስም ሲኖራችሁ በቂ ነው።

3. የመጀመሪያው ስልክ

ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ። መልሱን ጻፉ። ጥያቄዎቹ ፈተና ናቸው፤ ግን እንደ ጨዋታ ጣል አድርጓቸው።

«የዚህ ሰፈር ፋይል የት ክፍለ ከተማ ነው?» ቀላል ትመስላለች። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2013 ሲመሠረት ከቦሌና ከየካ ወረዳዎች ነው የወሰደው። ስለዚህ ካርታው (የባለቤትነት ማረጋገጫው) ላይ ቦሌ የሚል፣ ጉዳዩ ግን ሌላ ቢሮ የሚያልቅ ቤት ያጋጥማል። በሥራው የቆየ ደላላ ሳያስብ ይመልሳታል። ያልቆየው «እሱ ችግር የለውም» ይላል።

«ኮንዶሚኒየሙ አምስት ዓመት ሞልቶታል?» ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ከተረከበ አምስት ዓመት ሳይሞላው መሸጥ አይፈቀድለትም። «አልሞላውም፣ ግን በብድር ውል እናስረዋለን» ወይም «ውክልና ይሰጥህና አምስት ዓመቱ ሲሞላ ስም ይዞራል» ካለ፣ ይህ ሰው ስለ ኮሚሽኑ እንጂ ስለ እናንተ አያስብም። በነዚያ ዓመታት ውስጥ ሻጩ ሊሞት፣ ሊፋታ፣ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። ውክልና ደግሞ ሰጪው ሲሞት አብሮ ይሞታል።

«ካከራየሁት በስድስት ወር ኪራይ መጨመር እችላለሁ?» ይህችን በጣም እወዳታለሁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 በ2016 ወጥቷል። የኪራይ ውል ከ2 ዓመት በታች አይሆንም፣ ውሉ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ የቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ ነው። «እሱን ለእኔ ተወው፣ እናስወጣውና ሌላ እናስገባለን» ያለኝ ደላላ ነበር። የሂሳብ ስሌታችሁ ሁሉ ኪራዩ ላይ የቆመ ከሆነ፣ ይህን የማያውቅ ሰው የሚሰጣችሁ ቁጥር ዋጋ የለውም።

«በዚህ ግቢ በቅርብ የተሸጡ ሦስት ቤቶች በስንት ሄዱ?» ልብ በሉ፣ የተጠየቀበትን ዋጋ አይደለም፣ የተሸጠበትን ነው። ሁለቱ አይገናኙም። የሚያውቅ ሰው «ሁለተኛ ፎቅ ያለው በዚህ ሄደ፣ አራተኛው ግን ሊፍት ስለሌለ ወርዶ ነው የተሸጠ» ብሎ በፎቅ ይለያያል።

የመጨረሻዋ፦ «የማትመክረኝ ቤት አለ?» ዝም ካለ ዝም በሉት፣ ጠብቁ። እኔ በመጨረሻ አብሬያት የሠራሁት ደላላ ለዚህ የሰጠችኝ መልስ ነው የያዘኝ። «እዚህ መንገድ ዳር ያለው አሮጌ ግቢ ርካሽ ነው፣ ደላላ ሁሉ ያሳይሃል። ግን የኮሪደር ልማቱ ወዴት እንደሚመጣ ሳላጣራ እኔ አላስገዛህም» አለች። ቤቱ በእጇ ነበር። ፒያሳ ቤቶቹ ሲፈርሱ ሁላችንም አይተናል።

4. ወረቀቱን ማየት

ንግድ ፈቃድና የቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር ጠይቁ። በቲን ቁጥሩ የንግድ ፈቃዱን የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ ማጣራት ይቻላል። የመታወቂያውን ፎቶም ይላክላችሁ፣ ፋይዳ (ዲጂታሉ ብሔራዊ መታወቂያ) ቢሆን ይመረጣል። ፈቃድ ያለው ሁሉ ሐቀኛ ነው ማለቴ አይደለም። ፈቃድ የሌለውን ግን ነገር ሲበላሽ የት ብላችሁ ትከሱታላችሁ?

5. የአንድ ቀን ሥራ ሰጥቶ መፈተን

ከስድስቱ ሁለት ወይም ሦስት ሲቀሩ፣ ለእያንዳንዳቸው ትንሽ ሥራ ስጡ። ክፈሉበት። ነጻ ሥራ ስታሠሩ ሰውየው ለእናንተ አይሠራም፣ ለኮሚሽኑ ነው የሚሠራው። የቀን ትራንስፖርቱንና ጊዜውን ከከፈላችሁት ግን «እንደዚህ አድርገህ ቅረጽ» የማለት መብት አላችሁ።

ሥራው ይህ ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ያልተቆረጠ ቪዲዮ። ከዋናው መንገድ ይጀምር። የብሎኩን ቁጥር ያሳይ። ደረጃውን እየቆጠረ ይውጣ። የቤቱን ቁጥር በሩ ላይ ያሳይ። የወጥ ቤቱን ቧንቧ ይክፈት፣ ሽንት ቤቱን ይልቀቅ፣ መብራት ያብራ፣ ጣሪያው ጥግ ላይ እርጥበት ካለ ይጠጋው። ግቢ ውስጥ የውሃ ታንከር ካለ ያሳይ። ጎረቤት ካገኘ «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» ብሎ ይጠይቅልኝ። ከዚያ ሎኬሽኑን ይላክ። ሌላ ቀን ደግሞ ማታ ላይ፣ መብራት ከበራ በኋላ፣ ግቢውንና መንገዱን አንድ ደቂቃ ቀርጾ ይላክ።

ይህን ሁሉ ስትሉት የሚስቅ አለ። «ኧረ ጋሼ፣ ቤት እየገዙ ነው ወይስ ፊልም እየሠሩ?» ያለኝ ልጅ ነበር። ግን ሠርቶ ላከልኝ። ሌላው አስር ፎቶ ልኮ «ያው ነው» አለ። ከስልክ ወሬ ይልቅ ይህ አንድ ቀን ብዙ ነገረኝ።

ሁለት ደላሎች አንዱን ቤት ይዘው ከመጡ ዕድለኛ ናችሁ። ዋጋውን አነጻጽሩ። በእኔ ጊዜ ልዩነቱ አራት መቶ ሺህ ብር ነበር። ባለቤቱ አንድ ሰው፣ ቤቱ አንድ ቤት።

6. ኮሚሽን

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው።

በአዲስ አበባ ለቤት ሽያጭ በተለምዶ የሚባለው 2 በመቶ ነው። ብዙ ጊዜ ከገዢም ከሻጭም ይወሰዳል። ቤቱ 8 ሚሊዮን ከሆነ ከእናንተ 160 ሺህ፣ ከሻጩ 160 ሺህ። ታዲያ ዋጋው ሲወርድ የማን ኪስ ይጎዳል? የደላላውም ይጎዳል። ከሁለት ወገን የሚበላ ሰው ለእናንተ ብሎ ዋጋ አያስወርድም፣ ጊዜም አያባክንም። የሱ ጉዳይ ቶሎ መፈራረሙ ነው።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ሻጩ «ለእኔ 7 ሚሊዮን እጄ ይግባ፣ ከላይ ያለው የራስህ» ይላል። ደላላው ለእናንተ 7.6 ይላችኋል። ኮሚሽን እንኳ ሳይጠይቅ «ለአንተ በነጻ ነው» የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ይሄን የያዘ ነው። ማወቂያው ቀላል ነው። ከሻጩ ጋር ፊት ለፊት፣ በቪዲዮ፣ ደላላው ባለበት ዋጋውን ከሻጩ አፍ ስሙ። ይህን የሚከለክል ደላላ ካለ ምክንያቱን አትጠይቁት፣ ገብቷችኋል።

እኔ የማደርገው ይሄ ነው። በመቶኛ አልስማማም። ቁርጥ ብር እንነጋገራለን፣ ከእኔ ብቻ እንዲወስድ። ከገበያው ትንሽ ከፍ አድርጌ እከፍላለሁ፣ ከሻጭ ካልወሰደ ይገባዋል። ዋጋ ካስወረደ ከወረደው ላይ ድርሻ እሰጠዋለሁ። አብዛኛው ይከፈል የምለው ደግሞ ስም የዞረ ቀን ነው እንጂ ውል የተፈረመ ቀን አይደለም። ውል ተፈርሞ ስም እስኪዞር ድረስ ያለው መመላለስ የትየለሌ ነው፤ ያን ጊዜ ስልኩን የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋችኋል።

ይህን ሁሉ በጽሑፍ አድርጉት። አንድ ገጽ ይበቃል። ስም፣ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት፣ መቼ፣ ከሌላ ወገን ገንዘብ ቢቀበል ምን እንደሚሆን። «እንዴ፣ አትተማመንም?» ይላሉ። በሉ፣ «እተማመናለሁ፣ ለዚህ ነው የምጽፈው።»

7. ሦስት ሥራ፣ ሦስት ሰው

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ። ቤቱን የሚያገኘው፣ ሰነዱን የሚያጣራውና ውክልናውን የሚይዘው አንድ ሰው መሆን የለበትም።

ደላላው ቤት ያግኝ፣ ይደራደር። ሰነዱን እናንተ የቀጠራችሁት ጠበቃ ያጣራው፤ ደላላው «የማውቀው ጠበቃ አለ» ያለው አይደለም። ጠበቃው ካርታው ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ መግጠሙን ያያል። ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን ከመሬት ይዞታ ምዝገባው ያረጋግጣል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የባንክ ብድሩ ተከፍሎ ማለቁን ያያል። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ ግድ ነው፣ የቤተሰብ ሕጉ የጋራ የሆነን ቤት አንዱ ብቻውን እንዲሸጥ አይፈቅድም። ውርስ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ መኖራቸውን ይቆጥራል። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው አለመሻሩን፣ ሰጪውም በሕይወት መኖሩን ያጣራል።

ውክልናውን ለዘመድ ስጡ። ለደላላ በፍጹም። የአክስት ልጅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። እናንተ ያላችሁበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርባችሁ ትፈርማላችሁ። ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ሰነድ ወደሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት፣ ወደ ውልና ማስረጃ፣ ይሄዳል። ስታስጽፉ «ማንኛውንም ነገር» የሚል ሰፊ ቃል አትፍቀዱ። ይህን ቤት ለመግዛት፣ ውል ለመፈረም፣ ስም ለማዞር፣ ከዚህ ዋጋ ሳይበልጥ፣ ብላችሁ ዘርዝሩ። የመሸጥና በባንክ የማስያዝ ሥልጣን አትስጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ይጠየቃል፣ ሳትጽፉት ከቀራችሁ ተወካዩ ያን ሥልጣን የለውም።

8. ገንዘብ

ቀብድ የሚጠየቀው ቶሎ ነው። «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ዛሬ ካልላክህ ያመልጥሃል።» እኔ ሦስት ጊዜ አምልጦኛል፤ አንዱ ቤት እስከዛሬ ቴሌግራም ላይ አለ።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ በሌላ ካልተስማማችሁ በቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለ ቢተው እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ጠበቃው ሰነዱን ሳያይ ቀብድ አትላኩ። ስትልኩም በሻጩ ስም ባለ የባንክ ሒሳብ ይሁን። ደላላው «በእኔ በኩል ይለፍ» ካለ ወይም አሜሪካ ያለ የወንድሙን ሒሳብ ከሰጣችሁ፣ እስካሁን የተደረገው ምርጫ ሁሉ ስሕተት ነበር ማለት ነው። ከተራ ቁጥር 2 ተነስታችሁ እንደገና ጀምሩ።

አንድ ሌላ ምክር ይመጣል፦ «ግብር እንዲቀንስ ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ እናድርገው።» ሕገወጥ ከመሆኑም በላይ ውሉ ነገ ቢፈርስ የምትጠይቁት የተጻፈውን ብር ነው። ቀሪውን በእጅ ሰጥቻለሁ ብትሉ ማን ያምናችኋል? ዋናው ክፍያ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ሰነድ)፣ ውሉ በውልና ማስረጃ ሲፈረም፣ ተወካያችሁና ጠበቃው ባሉበት ይሁን።

9. ቁልፉን የተረከባችሁ ቀን

ተወካያችሁ ቤቱ ውስጥ ቆሞ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ ፎቶ ያንሳ። ውዝፍ ካለ ሻጩ እዚያው ይክፈል፤ የግቢው ማኅበር ወርኃዊ መዋጮም ይጠየቅ፣ ይሄ ይረሳል። የበሩን ቁልፍ ቀይሩ። አንዱን ቁልፍ ተወካያችሁ፣ አንዱን ተከራይ የሚያመጣው ሰው ይያዝ። ያ ሰው ያው ደላላችሁ ከሆነ ለኪራዩ ሌላ ስምምነት ጻፉለት። የኔዋ እስከዛሬ በየወሩ መጀመሪያ ትደውላለች። አሁን በሦስት ሰዓት ሳይሆን ማታ በአንድ ሰዓት ነው፣ እኔ ቡና የምጠጣበት ሰዓት መሆኑን ይዛለች።